ስልክ የያዘ አይከተለኝም

ሦስት ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ይቀረዋል፤ ባሕር ማዶ ነኝና የእኔ ሦስት የእናቴ አራት ነው፤ በእሷ አራት ሰዓት ላይ እናቴ መንገድ ትሻገራለች፤ እኔ ደግሞ ስልኬን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ መጋረጃው አጭር ስለሆነ ብርሃኑ ከሥር ገብቶ እግሬ ላይ ወጥቶ፣ ሌሊቱን ሙሉ አውቶቡስ ሲያጥብ ያደረ ሰው እንደሚጋደመው ተጋድሜያለሁ። ዓይኔን ጨፍኛለሁ እንጂ አልተኛሁም። አልደውልም። ትናንት ምያለሁ። "ስሻገር እንዳትደውል" አለችኝ፣ "ከመሻገሬ በፊትም እንዳትደውል፣ ተሻግሬ ስጨርስ ራሴ እደውልልሃለሁ። በእኔ ሞት በል።" በአንቺ ሞት አልኩ። የሃምሳ ሦስት ዓመት ሰው ነኝ፣ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይንቋቋል፣ እናቴ ግን እንደ ልጅ ታስምለኛለች፣ እኔም እምላለሁ። እህቴ ትከተላታለች፤ አብራት የምትኖረው ታናሽ እህቴ፤ ግን ከኋላ ነው እንጂ እጇን አትይዛትም፣ እናቴ ከልክላለች። ወዲያው ለእህቴ እደውላለሁ ብዬ ስጠነጥን እሱንም ቀድማ ዘጋችው። "ስልክ የያዘ አይከተለኝም" አለች። እህቴም ስልኳን አጥፍታ ቁም ሳጥን ውስጥ ልታስቀምጥ ነው። እንግዲህ መንገድ መሻገር ምን ይገርማል የሚል ሰው ይኖራል። ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ያን መንገድ ከተሻገረች ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኗታል።

ከመስኮቴ ሥር ያለው ማቋረጫ ድምፅ አለው። ለማያዩ ሰዎች ተብሎ የተተከለ ነው፤ ቀይ ሲሆን ቀስ ብሎ ቷ… ቷ… ቷ… ይላል፣ አረንጓዴ ሲሆን ቷቷቷቷ እያለ ይፈጥናል። እዚህ ቤት የገባሁ ሰሞን ግድግዳው ውስጥ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ያለ መስሎኝ አከራዬን ጠርቼው ነበር፤ ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ሲያዳምጥ ቆይቶ፣ መስኮቱን ከፍቶ በጣቱ አሳየኝ። ከዚህ ማቋረጫ ጋር የተዋወቅነው እንዲህ ተዋርጄ ነው። አሁን ተኝቼ እቆጥረዋለሁ። ፈጣኑ ድምፅ እስካለፈው ማክሰኞ ድረስ አሥራ አምስት ሰከንድ ነበር፣ ከማክሰኞ ወዲህ ሃያ አራት ነው። ዘጠኝ ሰከንድ ጨምረዋል። ዘጠኝ ሰከንድ ምን ታደርጋለች የሚል ሰው ገና አላረጀም ማለት ነው። ለእነዚህ ለዘጠኙ አሥር ወር ተሟግቻለሁ፣ ይሄው አሁን በየተራ ሲመጡ እሰማቸዋለሁ፣ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስምንት፣ እያንዳንዳቸውን ስም አውጥቼ ብጠራቸው ደስ ይለኛል።

እናቴና አክስቴ ፊት ለፊት ነው የሚኖሩት። አክስቴ የእናቴ ታላቅ ናት። ድሮ በመሀላቸው የነበረው መንገድ አንድ መኪና ሲመጣ ሌላው ዳር ይዞ የሚያሳልፍበት ነበር፤ አንዷ ጨው ሲያልቅባት በሯ ላይ ቆማ ትጣራለች፣ ሌላዋ ይዛ ትሻገራለች። ከዚያ መንገዱ ሰፋ። ሲሰፋ ሰፈሩ ሁሉ ተደሰተ፣ ፎቶውን ላኩልኝ፣ እኔም አደግን አልኩ፣ ኮራሁ፣ ሥራ ቦታ ለእጥበት ክፍሉ አለቃ ሳይቀር አሳየሁ። አለቃዬ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አየና "እግረኛው በየት ነው የሚሻገረው?" አለኝ። ምቀኛ ነው ብዬ ሁለት ሳምንት ሰላም አላልኩትም። ከዳር እስከ ዳር በእናቴ እርምጃ አርባ ነው፣ አሁን በምርኩዝ ስልሳ። አክስቴ ግራ ጎኗን ካመማት ወዲህ ከአልጋ አትወርድም፣ ስለዚህ መሄድ ያለባት እናቴ ናት፣ እናቴ ደግሞ መሻገር አልቻለችም። አንድ ቀን ስደውል መስመሩ ተይዟል፣ ደግሜ ብደውል ተይዟል፣ አንድ ሰዓት ቆይቼ ሳገኛት "ከማን ጋር ነው እንዲህ የምታወሪው?" አልኳት። "ከአክስትህ ጋር ነዋ።" "እንዴ፣ ፊት ለፊትሽ አይደለችም?" "አንተ ከባሕር ማዶ፣ እሷ ከመንገድ ማዶ" አለች፣ "ለእኔ ልዩነቱ ምንድነው? ሁለታችሁንም በስልክ ነው የማገኛችሁ።" ስቃ ነው ያለችው። እኔም ሳቅሁላት፣ ከዘጋሁ በኋላ ግን ጫማዬን ለማሰር አጎንብሼ ቀና ማለት አቃተኝ፤ አለቀስኩ።

ምክንያቱም ያን መንገድ ለመጨረሻ ጊዜ ስትሻገር የደወልኩላት እኔ ነኝ። ያን ጠዋት ከሥራ ወጥቼ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆሜያለሁ፣ እጄ የሳሙና ሽታ አለው፣ ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት ነው የምደውለው። እናቴ ስልኳን በመሐረብ ጠቅልላ ደረቷ ውስጥ ነበር የምትይዘው፤ ከውጭ የተደወለ ስልክ ካልተነሳ ልጁ ሞተች ብሎ ይደነግጣል ብላ ታምናለች፣ ስለዚህ ሽንት ቤትም ይዛው ትገባ ነበር፣ ከእጇ ሳሙና ሳታስለቅቅ ታነሳው ነበር፣ አንድ ጊዜም ቅዳሴ መሀል አንስታ ቄሱ ገላምጠዋታል። ይጠራል፣ ይጠራል፣ አራተኛው ላይ ታነሳለች። "ወዬ ልጄ" ትላለች። ትንፋሽዋ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። "ምነው፣ ደከመሽ እንዴ?" እላለሁ። "የለም፣ መንገድ ላይ ሆኜ…" ትላለች። ከዚያ ጡሩምባ። ከዚያ ስልኩ አልተዘጋም። ወድቆ ተከፍቶ ቀረ፣ እኔም ሁሉን ሰማሁ፣ አንሷት ሲሉ፣ ቀስ፣ እግሯን እንዳትነኩ ሲሉ፣ አንዲት ሴት አንድ እግር ጫማዋ የት ሄደ እያለች ስትፈልግ። ስድስት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ። ስልኩ ቆጥሮ መዝግቦታል። እማዬ እማዬ እላለሁ፣ ፌርማታው ላይ ያሉት ሰዎች ዞር ብለው አዩኝ፣ አውቶቡሴ መጥቶ ሄደ፣ ሌላው መጥቶ ሄደ።

ዳሌዋ ነው የተሰበረው። ሰው ሁሉ የሚኒባሱን ሹፌር ረገመ፣ መንገዱን ረገመ፣ ስለ ስልኩ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። እህቴ እንኳ አላለችም፤ እህቴ ሆዷ ነገር የሚቋጥር ሰው አይደለችም፣ ዝም ስትል ነው የምታስፈራው። እኔም አልጠየቅሁም። ይልቅ ከመደወሌ በፊት ለእህቴ መልእክት መላክ ለመድኩ፣ "ተቀምጣለች?" ብዬ እጽፋለሁ፣ "ተቀምጣለች" ስትለኝ እደውላለሁ። አንድ ዓመት እንዲህ ሆነ። ከዕለታት አንድ ቀን እናቴ ራሷ፣ ስለ ሌላ ነገር እያወራን ሳለ፣ "ስማ" አለች፣ "ስልኩ አይደለም። መሀል ላይ ደክሞኝ ቆምኩ፣ ቆሜ ሳለሁ ነው የጠራው። የቆምኩት ለስልኩ ብዬ አይደለም።" እሺ አልኳት። እናት ለልጇ ብላ የማትዋሸው ምን አለ? አፌ እሺ አለ፣ ሆዴ አላመናትም።

ሦስት ሰዓት ሆነ። አሁን ወጥታለች። አሁን ምርኩዙን አንስታ፣ ያቺን የማትመቻት ግን የምትወዳትን ጫማ አድርጋ፣ በሩን ከፍታ ወጥታለች። ስልኩን አልነካም። እጄን ከብርድ ልብሱ ሥር አስገባሁት።

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ወንበሬን ወደ መስኮቱ መሳብ የጀመርኩት ያኔ ነው፣ ከእናቴ አደጋ በኋላ። ከታች የሚኖር ሽማግሌ ጎረቤት አለኝ፣ ባለ ጋሪው ነው የምለው፤ አራት ጎማ ያላት፣ ፊቷ ላይ ቅርጫት ያላት መደገፊያ እየገፋ ነው የሚሄደው። ሁልጊዜ ረፋድ ላይ ወደ ማቋረጫው ይመጣል። ዳቦ ቤቱም ሐኪም ቤቱም ከወዲያ ማዶ ነው። ቁልፉን ይጫናል፣ ይጠብቃል፣ አረንጓዴ ይሆናል፣ ጋሪዋን ከጠርዙ ያወርዳል፣ ጥቂት ይሄዳል፣ ድምፁ ይቀዘቅዛል፣ መኪኖቹ ያጉረመርማሉ፣ እሱም ጋሪዋን አዙሮ ይመለሳል። አንዳንድ ቀን ሦስት ጊዜ ይሞክርና ተመልሶ ቤቱ ይገባል። መጀመሪያ ሳየው የሳቅሁ ይመስለኛል። ሁለተኛ ቀን ግን አልሳቅሁም።

ለከተማው ማዘጋጃ ቤት ስልክ ደወልኩ። ማሽን አነሳ፣ ለዚህ አንድን ይጫኑ፣ ለዚያ ሁለትን ይጫኑ፣ እኔ የምፈልገው ነገር የትኛውም ቁጥር ላይ የለም፣ ሁሉንም ተጫንኩና መጨረሻ ላይ የውሻ ምዝገባ ክፍል ደረስኩ። የውሻ ምዝገባዋ ሴትዮ ደግ ነበረች፣ ትክክለኛውን ቁጥር ሰጠችኝ። ቅጽ ላኩልኝ። ሞላሁ። ደብዳቤ መጣ፣ ጥያቄዎ ደርሶናል፣ ለዚህ ደብዳቤ መልስ አይጻፉ ይላል። መልስ ጻፍኩ። ሌላ ደብዳቤ መጣ፣ በተጠቀሰው ማቋረጫ ላይ ባለፉት አምስት ዓመታት በአረጋውያን እግረኞች ላይ የደረሰ አደጋ አልተመዘገበም፣ ስለዚህ ለውጥ አያስፈልገውም ይላል። ይህን ለእናቴ እያሳቅሁ ላወራላት ፈልጌ ነበር፣ እሷ ግን አልሳቀችም። "እንዴት ይመዘገብ?" አለች። "የሚመለስ ሰው አይገጭም። እኔ ስንት ቀን በሬ ላይ ቆሜ ተመልሻለሁ፣ ማን መዘገበኝ?"

በሳምንቱ ስደውል ጣሳ ነገር ሲንኳኳ ይሰማል። "ምን እየሠራሽ ነው?" አልኳት። "ሥራ ላይ ነኝ፣ ቶሎ ተናገር።" በሯ ላይ ወንበር አውጥታ ተቀምጣለች፣ በግራዋ አንድ ሳህን ባቄላ፣ በቀኟ ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ፤ ያረጀ ሰው ወደ መንገዱ መጥቶ፣ ቆሞ፣ ግራ ቀኝ አይቶ፣ ሳይሻገር ሲመለስ አንድ ባቄላ ወደ ጣሳው ትጥላለች። የተሻገረ አይቆጠርም። የተመለሰ ብቻ። "አሁን አንዱ መጣ፣ ጡረተኛው ሹፌር ነው፣ ሠላሳ ዓመት መኪና ነድቶ አሁን መኪና ፈርቶ ቆሟል… ቆይ… ቆይ… ተመለሰ" አለችና ኳ አደረገችው። ያን ድምፅ መቼም አልረሳውም።

እኔም እንደሷ አደረግሁ። ቅጹ ላይ የተሻገሩ የሚል ዓምድ አለ፣ አደጋ የደረሰባቸው የሚል አለ፣ መጥተው የተመለሱ የሚል የለም። በማስመሪያ አሰመርኩና በእጄ ጨመርኩት። አሥራ አንድ ቀን ከሥራ ተመልሼ ሳልተኛ መስኮት ላይ ተቀመጥኩ፣ ባቄላ ባይኖረኝም እስክሪብቶ አለኝ። ዘጠና ስድስት ያረጁ ሰዎች ቁልፉን ተጫኑ። ሠላሳ ስምንቱ ተመለሱ። ከተሻገሩት ደግሞ ሃያ አንዱ መንገዱ መሀል ላይ ቆሙ። ይሄን ልፈልግ አልተቀመጥኩም፣ እሱ ራሱ መጣ። ከግማሹ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ፣ አንገታቸውን ደፍተው ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ፣ ከዚያ ይቀጥላሉ። በስድስተኛው ቀን ወፍራም ካፖርት የለበሰች ባልቴት መሀል ላይ ቆማ ሳያት እስክሪብቶው ከእጄ ወደቀ። ስልክ አልያዘችም። ማንም አልደወለላትም። ደክሟት ቆመች። ሰው እዚያ ቦታ ላይ ይደክመዋል፣ በቃ። መስኮቱን ይዤ እማዬ እውነትሽን ነው አልኩ፣ ብቻዬን፣ ጮክ ብዬ። ያኔ ደውዬ ላመሰግናት አሰብኩና ተቀምጣ ይሁን አይሁን ስለማላውቅ ተውኩት።

ሦስት ሰዓት ከአሥር። አርባ እርምጃ፣ በምርኩዝ ስልሳ፣ ይህን ያህል ይፈጃል? ይፈጃል። መጀመሪያ ዳር ላይ ትቆማለች፣ መነጽሯን ትጠርጋለች፣ ጎረቤት ሰላም ይላታል፣ መልስ መስጠት አለባት፣ የልጆቹን ጤና ትጠይቃለች። እናቴን አውቃታለሁ፣ የዓለም ፍጻሜ ቢሆን ሰላምታ ሳትጨርስ አትሄድም።

ቅጹን መልሼ ከላክሁ በኋላ ማዘጋጃ ቤቱ የላካት መሐንዲስ የመጣች ቀን ዝናብ ነበር። ቢጫ ሰደርያ ለብሳለች፣ እየተንከባለለ የሚለካ ጎማ ይዛለች፣ እኔም ያገሩን ቋንቋ እየሰባበርኩ አስረዳታለሁ። ማቋረጫው ሲሠራ ሰው በሰከንድ አንድ ሜትር ከሃያ ይሄዳል ተብሎ ነው የተሰላው አለችኝ። "የትኛው ሰው?" አልኳት። ጎማዋን ጠርዙ ላይ አቆመች። እኔም ነገር ላሳምር ብዬ በእኛ አገር ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል አልኩና ቃል በቃል ገለበጥኩላት። ወረቀቷን አየች፣ እኔን አየች፣ "እና በሰከንድ ስንት ሜትር ይሄዳል?" አለች። እስካሁን ቀልዷን ይሁን ከልቧ አላወቅሁም። ባለ ጋሪውን ጠራሁት፣ ለእሱ ስትል መብራቱን አረንጓዴው ላይ በቁልፍ ያዘችው፣ ሰዓቷን ተጫነች፣ እሱም ሄደ። አሥራ ስምንት ሜትር በሃያ ሦስት ሰከንድ። ከወዲያ ማዶ ሲደርስ ዞሮ እጁን አነሳልን፣ ለዘጠኝ ወር ያልደረሰበት ዳር ነው። ከዚያ እኔ የጨመርኩትን ዓምድ ጣቷን አስኬዳ አነበበችው። "ይሄን ማን አስተማረህ?" "እናቴ።" "መንገድ ሠሪ ነች?" "አዎ" አልኳት፣ ምን ብዬ ባቄላውን ላስረዳት። አንድ ወር ፊርማ ዞረ፣ ማክሰኞ ዕለት አንድ ሠራተኛ መጥቶ ምሰሶው ላይ ያለውን ሣጥን ከፈተ፣ በሃያ ደቂቃ ጨርሶ ሄደ። መስኮቴ ላይ ቆሜ ሃያ አራት ድረስ ቆጠርኩ። ተሳስቼ እንዳይሆን አሥር ጊዜ ቆጠርኩ።

እናቴ ግን ቀድማኛለች። ጣሳው ሲሞላ ጡረተኛው ሹፌር ማመልከቻ ጻፈላት፣ በእህቴ ክንድ ተደግፋ መንገዶች ጽሕፈት ቤት ሄደች፤ ቢሮው ደግነቱ ከእሷ በኩል ነው፣ መሻገር የለበትም። ኃላፊው ማመልከቻውን አይቶ "እማማ፣ ይሄ ጣሳ ምንድነው?" ይላታል። ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። ባቄላው ወረቀቱ ላይ፣ ማኅተሙ ላይ፣ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። "የተመለሱ ሰዎች ናቸው" አለችው። "አራት መቶ አሥራ ሰባት። አንዷ እኔ ነኝ፣ ፈልገህ አውጣኝ።" ሰውየው አጎንብሶ ከወለል ላይ ሲለቅም፣ እሷ እላዩ ላይ ቆማ ትቆጥርለታለች። ዘጠኝ ጊዜ ተመላልሳለች። ዛሬ ኃላፊው የለም ሲሏት እጠብቃለሁ፣ ነገ ነይ ሲሏት ነገም እመጣለሁ፣ በኋላማ ከሩቅ ሲያዩዋት ባቄላዋ መጡ ይባባሉ ነበር። ዜብራ ተቀባ። ከዜብራው ፊት መኪናውን ግድ የሚያዘገይ ጉብታ ተሠራ። መሀል ላይ ደግሞ፣ እዚያው እናቴ የደከማት ቦታ ላይ፣ ከፍ ያለ መቆሚያ ሠሩ፣ በሁለት በኩል የብረት መያዣ አለው። ባለፈው ሳምንት ቀለሙ ደረቀ። እህቴ ፎቶውን ላከችልኝ፣ ለአለቃዬ ወስጄ አሳየሁት። "በዚህ ነው የሚሻገረው" አልኩት። የዚያን ጊዜውን ነገር ረስቶታል፣ እኔ ግን እጁን ጨብጬ ይቅርታ ጠየቅሁት።

ሦስት ሰዓት ከሃያ አምስት። በዛ። ሰላምታ ነው ብል፣ መነጽር ነው ብል፣ መቆሚያው ላይ አረፈች ብል፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ምን ስታደርግ? ስልኩ እጄ ውስጥ ነው፣ መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም፣ ስሟ ላይ ጣቴ ቆሟል። እናቴ የራሷን ስልክ ደረቷ ውስጥ ይዛ ወጥታ ቢሆንስ? ብደውል፣ አሁን መሀል ላይ ብትሆን፣ ቢጠራ፣ ብትቆም። አልደወልኩም። አስቀመጥኩት። አነሳሁት። ከዚህ አልጋ ላይ ተኝቼ ከቆየሁ እደውላለሁ፣ ራሴን አውቃለሁ፣ ስለዚህ ተነሳሁ፣ ሱሪዬን አጠለቅሁ፣ ካልሲዬ የተለያየ ነው፣ ስልኩን ቤት ትቼ ልወጣ አልኩና አልቻልኩም፣ ኪሴ ከተትኩት፣ ደረጃውን ወረድኩ፣ ጉልበቴ ጮኸ።

ባለ ጋሪው ማቋረጫው ላይ ቆሟል። ቁልፉን ተጭኖ ይጠብቃል፣ ኮፍያውን አሳምሯል። "አልተኛህም?" አለኝ። "እናቴ መንገድ እየተሻገረች ነው" አልኩት። "የት?" "ሩቅ።" ራሱን ነቀነቀ፣ የገባው ይመስላል። ቷ… ቷ… ቷ… ከዚያ ፈጠነ። ጋሪዋን ከጠርዙ አወረደ፣ እኔም ጎን ጎኑ፣ በእሱ እርምጃ ልክ፣ እንዲህ ዝግ ብዬ ሄጄ አላውቅም፤ ለካ በዚህ እርምጃ ሲሄዱት መንገድ ሰፊ ነው፣ ለካ የቆሙት መኪኖች ጉልበት ላይ ነው የሚተነፍሱት። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር። መሀል ላይ ደረስን። ባለ ጋሪው ቆሞ ተነፈሰ፣ እኔም ቆምኩ። ስልኬ ጠራ።

እጄ ሳላዘው ኪሴ ገባ። እንዲያ ነው እንግዲህ፣ እናቴም እንዲያ ነው የሆነችው፣ እጅ ሰውን አይጠይቅም። ጨበጥኩት፣ እጄ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት። እናቴ ናት። ወይም ስለ እናቴ የሚነግረኝ ሰው ነው። እጄን ከኪሴ አወጣሁ። ባዶውን። ከጋሪዋ እጀታ ላይ አሳረፍኩት፣ ባለ ጋሪው ዞሮ አየኝ፣ "አይጠራም እንዴ?" አለኝ። "ይጥራ" አልኩት። አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስምንት፣ የእኔ ሰከንዶች መጡ፣ አሥራ ዘጠኝ፣ ስልኩ መጥራት አቆመ፣ ሃያ፣ ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት፣ የጋሪዋ የፊት ጎማ የወዲያ ማዶውን ጠርዝ ነካ። ሁለት ሰከንድ ተርፎናል። ድምፁ ሲቀዘቅዝ ሁለታችንም አስፋልቱ ላይ አልነበርንም።

ስልኩን አወጣሁ። ቁጥሩን አየሁ። የእናቴ ቁጥር አይደለም፣ የእህቴም አይደለም። የአክስቴ ነው። አክስቴ ደግሞ በሕይወቷ ወደ ውጭ መደወል አታውቅበትም፤ ከዚያ ስልክ የደወለልኝ ሌላ ሰው ነው፣ እዚያ አልጋ አጠገብ የተቀመጠ ሰው። ደወልኩ። ገና አንዴ ሳይጠራ ተነሳ።

"ለምን አላነሳህም?" አለች እናቴ። ልትቆጣ ተዘጋጅታለች።

"መንገድ እየተሻገርኩ ነበር፣ እማዬ።"

ከኋላዋ አንድ ሰው ይስቃል ወይ ያለቅሳል፣ አልለየሁትም።

"እሰይ" አለች፣ ቀስ ብላ። "እሰይ የኔ ልጅ። እኔም ተሻገርኩ። ስልኬን ቤት ትቼው ነው የወጣሁት። መሀል ላይ ብረቱን ይዤ አረፍኩ፣ አንዱ ባለ መኪና ቆመልኝ፣ እኔም አልቸኮልኩም፣ እንዲያውም ጤናው እንዴት ነው አልኩት።" ትንፋሽዋ ሙሉ ነው፣ አይቆራረጥም። ሃያ አምስት ደቂቃውን የት እንዳደረሰችው ልጠይቃት ነበር፣ አልጠየቅሁም፣ ከጡረተኛው ሹፌር ጀምሮ ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ዳር ላይ እንደቆመና ከሁሉም ጋር ሰላምታ እንደተለዋወጠች በኋላ እህቴ ትነግረኛለች። አለቀስኩ፣ አላፈርኩም፣ ባለ ጋሪውም ዳቦ ቤት እንደመግባት አጠገቤ ቆሞ ጠበቀኝ። ይሄው ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆዴ ውስጥ የተሸከምኩትን ልነግራት አፌን ከፈትኩ፣ አምኜሻለሁ ልላት፣ ስልኩ አይደለም፣ ደክሞሽ ነው፣ አይቻለሁ፣ ሃያ አንድ ሰው ሲደክመው አይቻለሁ ልላት። ስልኩን አክስቴ ነጠቀቻት። ከታመመች ወዲህ አፏ ትንሽ ተሳስሯል፣ ቃሎቹን አንድ በአንድ ነው የምታወጣቸው።

"ስማ ልጄ" አለች አክስቴ፣ "ሁለት ዓመት ሙሉ ከእናትህ ጋር በስልክ አወራን። ሰለቸን። አሁን ዝጋልንና ፊት ለፊት እናውራ።"

ዘጋችብኝ። ስልክ ተዘግቶብኝ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ባለ ጋሪው "ምን አለች?" አለኝ። "አትፈለግም አሉኝ" አልኩት፣ እየሳቅሁ፣ እሱም ሳቀ፣ ጋሪዋን እየገፋ ወደ ዳቦ ቤቱ ሄደ። እኔ ከወዲያ ማዶ ምንም ጉዳይ የለኝም። ቁልፉን ተጫንኩ፣ እስኪፈጥን ጠበቅሁ፣ በሽማግሌ እርምጃ፣ መሀል ላይ ቆሜ አንዴ ተንፍሼ፣ ወደ ቤቴ ተሻገርኩ፤ ደረጃውን ወጥቼ፣ ስልኩን አጥፍቼ፣ ተኛሁ።